ሰንበት ሲገባ ጭንቀቴ ለምን ይብሳል?

ወለተ ሰንበት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ይህን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሳልጨርሰው አልነሣም ብዬ ተቀምጫለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991፣ የኢትዮጵያ አይሁድን በአውሮፕላን ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከወላጆቼ ጋር ወደ እስራኤል ስመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አሁን የምኖረው በረሆቮት ነው፤ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የበኩር ልጄ ወታደር ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ቤታችን ሰንበትን የሚጠብቅ ቤት ነው፤ እኔም ሰንበትን እወዳታለሁ፣ ወይም እወዳት ነበር ማለት ይሻለኛል።

ከእሑድ እስከ ሐሙስ ደኅና ነኝ። ሥራው አለ፣ ስልኩ አለ፣ የልጆቹ ጉዳይ አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ተጠርጎ ወጡ ከምድጃ ሲወርድ፣ ሆዴን ባር ባር ይለው ይጀምራል። ሻማውን አብርቼ ስልኬን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥሁ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ያላሰብሁት ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ሲንቀሳቀስ ድምፁ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል፤ በሰማሁት ቁጥር ባዶ እግሬን ተነሥቼ ከበሩ ኋላ እቆምና ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደሚቆም አዳምጣለሁ። ሦስተኛው ላይ ሲቆም ተመልሼ እተኛለሁ። ልጁ ወታደር የሆነ ሰው የማንን መምጣት እንደምፈራ ሳልነግረው ይገባዋል።

አንዲት አክስቴን ሳማክራት «ዳዊት ድገሚ፤ ቀሪውን ሆድ ይፍጀው በዪ» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ በበኩሏ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ እንድሄድ ነገረችኝ። ዳዊቱን እደግማለሁ። ወደ ባለሙያ መሄዱ ግን እምነት እንደ ጎደለኝ የሚያስቆጥርብኝ መስሎ ስለሚሰማኝ እግሬ አልነሣ ብሏል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰንበት የዕረፍት ቀን ሆና ሳለ ጭንቀቴ በእርሷ የሚብሰው ለምንድን ነው? ደግሞስ በሃይማኖታችን ውስጥ እንዲህ ላለው ሰው የተዘጋጀ መንገድ አለን? «ተረጋጊ» የሚል ምክር ብዙ ሰምቻለሁና ከዚያ ያለፈውን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የአምቦበር ልጅ

ልጄ ወለተ ሰንበት፣

ዓይኔ ስለ ደከመ ጽሑፍሽን ያነበበችልኝ ልጄ ናት፤ ይህንንም እኔ እየተናገርሁ የምትጽፈው እርሷ ናት።

ያደግሁት በጎንደር፣ በአምቦበር ነው። በእኛ አገር ዓርብ እኩለ ቀን ሲያልፍ ሥራ ይቆማል፤ ሸማኔው ከጉድጓዱ ይወጣል፣ አንጥረኛው ወናፉን ያስቀምጣል፣ እናቶቻችንም ያልደረቀውን ሸክላ ወደ ጥላ ያስገባሉ። ወንዝ ወርደን ገላችንን ታጥበን ነጭ እንለብሳለን። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ማታ መብራትም የለ፣ ትኩስ ምግብም የለ። ቅዳሜ ሴቶቹ በረከቴውን፣ ማለትም የሰንበቱን ዳቦ፣ ወደ ጸሎት ቤት ያመጡታል፤ ቄሱ ባርከው ይቆርሱታል፤ ሁሉም ከሁሉም ቤት ዳቦ ይቀምሳል።

ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ ያላስተዋልሁትን አሁን በእርጅናዬ አስተውለዋለሁ። በእኛ መንደር ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ የሚታወቀው በዚያ ዳቦ ነበር። የቀረ ሰው ካለ ድርሻው ይላክለታል፤ የተላከውም ሰው ዳቦውን ደጅ አስቀምጦ አይመለስም፣ ገብቶ ይቀመጣል። ሌሊቱ ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ጨለማ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አላስታውስም። አንቺ ልጄ እሳቱንም ስልኩንም እንደ አባቶችሽ አጥፍተሻል፤ ዳቦውን ይዞ የሚገባው ሰው ግን የት አለ? ሰንበትሽ የከበደችሽ ግማሿ ስለ ቀረ ይመስለኛል።

ቄሶቻችን የሚያነቡት ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው የግእዝ መጽሐፍ ሰንበትን እንደ ልዕልት አድርጎ ያቀርባታል፤ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ስለ ሰው ልጆች ትማልዳለች። አባቴ ይህን ሲያስረዱን «ሰንበት ሐዘንተኛ ቤት ለመግባት የማታፍር እንግዳ ናት» ይሉ ነበር። ስለዚህ ስትጨነቂ ሰንበትን ያስቀየምሽ አይምሰልሽ።

ስለ «ሆድ ይፍጀው» ደግሞ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ወደ እስራኤል ስንጓዝ በሱዳን፣ በኡም ራኩባ መጠለያ ታናሽ እህቴን ቀበርናት። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ እንፈራ ስለ ነበር ድምፅ አውጥተን አላለቀስንም፤ ሰባት ቀንም አልተቀመጥንላትም። አባቴ መቃብሯን በእጃቸው አስተካክለው ሲነሡ የተናገሩት ያንኑ ቃል ነበር፤ «ሆድ ይፍጀው» አሉ። በዚያ ቦታ ይህ ቃል ሕይወታችንን ያተረፈ ጥበብ ነበር፤ ማንም እንዲነቅፈው አልፈልግም። ጥፋታችን ከአውሮፕላኑ ከወረድን በኋላም ይዘነው ወደ ሳሎናችን መግባታችን ነው። በሱዳን መንገድ አራት ሺህ ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል ይባላል፤ በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እህቴን ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኋት እዚያ ነው፤ ከሞተች ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ፣ እኔም ሽበት አውጥቼ። በዚያ ምሽት ሚስቴ «ስታንኮራፋ አደርህ» አለችኝ፤ በተጋባን ዘመን ሁሉ እንዲያ ስተኛ አይታኝ አታውቅም ነበር።

አባትሽስ ልጄ ምን ሆድ ይፍጀው ብለው አለፉ? ይህን ለእኔ አትመልሺልኝ፤ እናትሽ በሕይወት ካሉ እርሳቸውን ጠይቂ።

ነርስ ከአሽዶድ

ወለተ ሰንበት እህቴ፣ በአእምሮ ጤና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። እዚህ ሆኜ ሕመም ልሰይምልዎ አልችልም፤ በሥራዬ በየዕለቱ ከማየው ግን ጥቂት ልጻፍልዎ።

«ሰንበት ሲገባ ይብስብኛል» የሚለውን ከብዙ ሰው እሰማለሁ። ሰንበት ጭንቀቱን አትፈጥረውም፤ የሥራው ጫጫታ ሸፍኖት የቆየውን ትገልጠዋለች። በሳምንቱ ውስጥ ፍርሃት ሽው ባለ ቁጥር እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ መልእክት ይታያል፣ ዜና ይነበባል፣ ልቡም ለጊዜው ይበርዳል። ዓርብ ማታ ያ መሸሻ ይዘጋል። አሳንሰሩን ተነሥተው ማዳመጥዎም እንዲሁ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲቆም የሚሰማዎ እፎይታ ሰውነትዎን «ተነሥተሽ ስላዳመጥሽ ነው የተረፍሽው» ብሎ ያስተምረዋል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ድምፅ ደግሞ ይቀሰቅስዎታል። ይህ የእምነት ጉድለት ሳይሆን ልጇን ለአደጋ የሰጠች እናት ሰውነት የሚሠራው ሥራ ነው፤ በባለሙያ እርዳታ ሊቀልም ይችላል።

ለብዙ ሰው ሲጠቅም ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርዎ። ጭንቀቱን ዓርብ ማታ እንዲያገኝዎ ከመጠበቅ ይልቅ ዓርብ ጠዋት እርስዎ ሄደው ያግኙት። ሃያ ደቂቃ ይቀመጡ፤ የሚያስፈራዎትን ሁሉ በእጅዎ፣ በወረቀት ላይ ይጻፉ። «ልጄ» ብለው አይለፉት፤ ምን እንዳይሆን እንደሚፈሩ፣ ማን መጥቶ ምን እንዳይልዎ እንደሚፈሩ ዘርዝረው ይጻፉት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ስልኩ በሚገባበት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ እንደሚሆን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ደግሞ ስለ ቋንቋ አስቡበት። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ አንዲት እናት «ሆዴ ተቃጠለ፣ ሆዴ ሞላብኝ» እያሉ ይመላለሱ ነበር። ቃሉ እንዳለ ወደ ዕብራይስጥ ስለ ተተረጎመ የጨጓራ ምርመራ ታዘዘላቸው፣ መድኃኒትም ተሰጣቸው። ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ «ሆድዎን የሞላው ምንድን ነው?» ብዬ በአማርኛ ብጠይቃቸው ጎንደር ትተዋት ስለ መጡት ልጃቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። በእኛ ቋንቋ ሐዘኑም ቂሙም ናፍቆቱም ያለው ሆድ ውስጥ ነው፤ የእርስዎም ባር ባር የሚለው ሆድዎ ነው። እርስዎ ዕብራይስጥ ቢችሉም ሆድዎ የሚናገረው በአማርኛ ከሆነ አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ ወይም አስተርጓሚ ለመጠየቅ አይፈሩ።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢም ልጨምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በኩፓት ሆሊሞቹ (በጤና መድን ድርጅቶቹ) ኃላፊነት ሥር ነው፤ ስለዚህ በራስዎ ኩፓት ሆሊም መጠየቅ መብትዎ ነው። ወረፋው ሊረዝም ይችላልና ዛሬውኑ ይመዝገቡ። የቤተሰብ ሐኪምዎንም ያነጋግሩ፤ ልብ የሚያስደነግጥና እንቅልፍ የሚነሣ የአካል ሕመምም ስላለ ቀላል የደም ምርመራ ማድረጉ አይከፋም። ጭንቀቱ በአንድ ሌሊት ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ይልቁንም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ፣ በስልክ የስሜት ድጋፍ የሚሰጠው የኤራን መስመር 1201 ነው፤ በሰንበትም ቢሆን ይደውሉ።

ወለተ ሰንበት (ጠያቂ)

አባባ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። መልስዎን አንብቤ ብዙ አለቀስሁ። እናቴ በሕይወት አሉ፤ እጠይቃቸዋለሁ። ነርሷንም አመሰግናለሁ፤ «ተነሥተሽ ስላዳመጥሽ ነው የተረፍሽው» የሚለውን ቃል ሰውነቴ በእርግጥ እንደሚያምነው ገብቶኛል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከብደኛል። በሰንበት መደሰት ትእዛዝ ነው። እኔ ደግሞ ሻማ ፊት ቆሜ የማለቅስ ሰው ሆኛለሁ። ይህ በደል አይደለምን?

ተማሪ ከኢየሩሳሌም

እኅታችን ሆይ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ክርክርና ትምህርት የተጻፈበትን ታልሙድን የምማር ሰው ነኝ፤ ራብ (የሃይማኖት መምህር) አይደለሁምና የሕግ ውሳኔ ለሚሻ ጉዳይ የራስዎን ራብ ወይም ቄስ ይጠይቁ። የጠየቁትን ግን ሊቃውንቱ ከረጅም ዘመን በፊት አስበውበታል።

በመጀመሪያ ስለ ልቅሶው። ሰው ሞቶበት ሰባት ቀን የተቀመጠ ሐዘንተኛ ሰንበት ሲገባ ሐዘኑን በአደባባይ አያሳይም፤ የተቀደደውን ልብሱን ይለውጣል፣ ከወለሉም ይነሣል። ሆኖም ያ ሰንበት ከሰባቱ ቀን አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ቀኑ ባይቆጠር ኖሮ ሕጉ በሰንበት ሐዘን የለም ማለቱ ነበር፤ መቆጠሩ ግን ልብ ውስጥ ያለው ሐዘን ሰንበት ስለ ገባ እንደማይጠፋ ሕጉ ማወቁን ያሳያል። በሽተኛን በሰንበት የሚጠይቅ ሰውም «ሰንበት ናትና አንጮኽም፤ ፈውስ ግን ሊመጣ ቀርቧል» እንዲል ታልሙድ ያስተምራል። ይህ ሰላምታ መጮኽ የሚያምረው ሰው በሰንበት መኖሩን የሚያውቅ ሰላምታ ነው። በደል አልሠሩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ባለሙያው። በታልሙድ፣ በበራኾት ክፍል የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ፤ እኔ በግሌ በጭንቅ ቀን የምመለስበት ስለ ሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ራቢ ሂያ ባር አባ ታመመ፤ ራቢ ዮሐናን ሊጠይቀው ገባና «ይህን መከራ ትወደዋለህን?» አለው። ራቢ ሂያም «መከራውንም አልወድ፣ ዋጋውንም አልሻ» ሲል መለሰ። ራቢ ዮሐናን «እጅህን ስጠኝ» አለው፤ እጁን ሰጠው፣ አስነሣውም። ከዚያ ራሱ ራቢ ዮሐናን ታመመ። ራቢ ሐኒና ገብቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው፣ ያንኑ መልስ አገኘ፣ እርሱም «እጅህን ስጠኝ» ብሎ አስነሣው። ታልሙዱ በዚህ ላይ ይጠይቃል፤ ሌላውን ያስነሣ ራቢ ዮሐናን ራሱን ለምን ማስነሣት አቃተው? የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ እስረኛ ራሱን ከእስር ቤት አያወጣም።

ልብ ይበሉ፤ «መከራ ይጠቅማል፣ ቻለው» ያለ ማንም የለም። የታመመው ሰው መከራውን አልወድም ማለቱ እንደ ክህደት አልተቆጠረበትም። መድኃኒት ሆኖ የተጠቀሰው የሌላ ሰው እጅ ነው። ያ እጅ ዳቦ ይዞ የሚገባው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ የተማረው ባለሙያም ሊሆን ይችላል። አባታችን የአምቦበር ልጅ ስለ ዳቦው የተናገሩትንና ነርሷ ስለ ሐኪሙ የጻፈችውን የማነበው እንደ አንድ ምክር ነው።

አክስትዎ ስላሉትም ልናገር፤ በክፉ እንዳላሉት አውቃለሁ። መጽሐፈ ምሳሌ በሰው ልብ ያለ ሥጋት ሰውን እንደሚያጎብጥ ይናገራል። በዕብራይስጡ እዚያ ያለው ቃል በሁለት መንገድ ሊፈታ ስለሚችል ራቢ አሚ እና ራቢ አሲ ተከራክረውበታል፤ አንዱ «ከአእምሮው ያርቀው» አለ፣ ሌላው «ለሌሎች ይንገረው» አለ። ሁለቱም አስተያየቶች ተጽፈው ቆይተዋል። እርስዎ ከእሑድ እስከ ሐሙስ የመጀመሪያውን ይዘዋል፤ ለዓርብ ማታ ሁለተኛው የቀረዎት ይመስለኛል። «ሆድ ይፍጀው» የሚል ሦስተኛ አስተያየት ግን በዚያ ገጽ ላይ የለም።

ታላቁ ሐኪምና ሊቅ ሙሴ ቤን ማይሞን፣ ራምባም የምንለው፣ ወንድሙ ዳዊት ለንግድ ሲጓዝ በሕንድ ውቅያኖስ ሰጥሞ ሲሞት አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ እንደ ወደቀ በራሱ እጅ ጽፏል። ዓመታት ካለፉም በኋላ ሐዘኑ እንዳልለቀቀው ገልጿል። ከእርሱ የበለጠ እምነት አለኝ የሚል ማን ነው? ይኸው ሰው ነፍሳቸው የታመመች ሰዎች ወደ ነፍስ ሐኪሞች ይሂዱ ብሎ በሕግ መጽሐፉ ደንግጓል። እርግጥ ነው፣ እርሱ ያሰበው ጠቢባንን ነበር፤ የዛሬውን ባለሙያ አላየም። ሥጋ ሲታመም ወደ ሐኪም እንደሚኬድ ሁሉ ለነፍስም የሚኬድበት ሰው አለ የሚለው ሐሳብ ግን የእርሱ ነው።

ከነርሷ ጋር በአንድ ነገር ትንሽ እለያያለሁ። ጽሑፏ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሰንበትን ለመረጋጋት ብለን እንደ ክኒን እንዳንወስዳት እፈራለሁ። በየጋዜጣው «ሻባት ለጭንቀት ይጠቅማል» የሚል ጽሑፍ እየበዛ ነው። ሰንበትን ለመረጋጋት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ባልተረጋጋባት ሌሊት ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ ጭንቀቱ ሳያንሰው ሰንበትንም አበላሸሁ ይላል። ሰንበት የምትገባው ተረጋግተንም ተጨንቀንም ነው፤ እኛ አናስገባትም። እንቅልፍ አጥተው ያደሩባትም ሰንበት ሙሉ ሰንበት ናት።

ለጸሎት አንድ ሐሳብ ልጨምር። የብሬስላው ራቢ ናሕማን (1772–1810) ተከታዮቹን በየቀኑ ብቻቸውን ሆነው፣ በተቻለ መጠን ወደ ሜዳ ወጥተው፣ ከእግዚአብሔር ጋር በራሳቸው ቃል እንዲነጋገሩ ያስተምር ነበር። ሂትቦዴዱት ይባላል። በዚህ ትምህርት ዋናው ነገር ንግግሩ ሰው በቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ መሆኑ ነው፤ ቃል የጠፋው ሰውም «የዓለም ጌታ ሆይ» የሚለውን ብቻ ደጋግሞ ቢል ይበቃዋል። እርስዎ ሲዱሩን፣ የጸሎቱን መጽሐፍ፣ በዕብራይስጥ ያነባሉ፤ ፍርሃትዎን ግን በአማርኛ ይንገሩት። ዳዊቱንም አይተዉት። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» የሚለው መዝሙር በዕብራይስጡ 42ኛው፣ በግእዙ ዳዊት 41ኛው ነው። መዝሙረኛው እዚያ ነፍሱን ሲያናግራት ዝም በዪ አላላትም፤ ለምን ብሎ ጠየቃት።

ከጎንደር

እኔ እዚህ ጎንደር ሆኖ ወደ እስራኤል ለመሄድ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነኝ፤ እናቴ ከሄዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ዓርብ ሻማ ከመብራቱ በፊት እንደዋወላለን፤ እጃቸውን ራሴ ላይ የጫኑ ያህል በስልክ ይመርቁኛል። በሰኔ ወር እኛ ዘንድ ፀሐይ ስትገባ እርሳቸው ዘንድ ገና ቀን ነው፤ በታኅሣሥ ግን ቀድመውኝ ያበራሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ሰዓት ለእኔም ከሳምንቱ ሁሉ ትከብዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጸሎት ቤት ስሄድ ግን የሌላውም ሰው ዓይን እንቅልፍ እንዳላየ አያለሁ። እዚህ ያለን ሰዎች ይህን እርስ በርስ አንደባበቅም። ስለ ልጅዎ እጸልያለሁ፤ ስሙን ከነእናቱ ስም መጻፍ ሳያስፈልግዎ «የወለተ ሰንበት ልጅ» ብዬ አነሣዋለሁ።

ነርስ ከአሽዶድ

ተማሪው ስለ ክኒኑ ያነሣው ትክክል ነው፤ እቀበለዋለሁ። ወረቀቱን የመከርሁት እንዲረጋጉ ዋስትና ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ፍርሃቱን ብቻዎን፣ በጨለማ፣ ከበር ኋላ ቆመው እንዳያገኙት ብዬ ነው።

ወለተ ሰንበት (ጠያቂ)

ከጻፍሁላችሁ አምስት ሰንበት አለፈ። እንዴት እንደ ሆንሁ ሳልነግራችሁ መቅረት ተገቢ አልመሰለኝም።

በመጀመሪያው ዓርብ ወረቀቱን ጽፌ በመሳቢያው ውስጥ አስቀመጥሁት። ሌሊቱ እንደ ቀድሞው ሆነ፤ ነርሷ አስቀድማ ስለ ነገረችኝ ግን ተስፋ አልቆረጥሁም። በሁለተኛው ሳምንት እናቴን ጠየቅኋቸው። ወደ እስራኤል ከመምጣታችን በፊት አዲስ አበባ ስንጠብቅ፣ በ1990፣ ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሞቶብናል። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያንን የኪራይ ቤትና የቆርቆሮውን በር አስታውሳለሁ። እናቴ የነገሩኝ የማላውቀውን ነው። ልጁ ሕክምና ላይ ሳለ አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ የቆርቆሮ በር ኋላ ቆመው የሚመጣውን ሰው ኮቴ ያዳምጡ ነበር። እንዲህ ሲሉኝ እጄ ላይ የነበረውን የቡና ሲኒ ማስቀመጥ አቃተኝ። የአባቴን ነገር ሳላውቀው ስሠራው ነበር ማለት ነው። ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ከእናቴ ጋር ግን ስለ ወንድሜ ስሙን እየጠራን እስከ በረካው ድረስ አወራን። አባቴ በሕይወት ሳሉ ይህን ስም በቤታችን ጠርተን አናውቅም።

በሦስተኛው ሰንበት አሳንሰሩ ሲንቀሳቀስ ነቃሁ። ለመነሣት እግሬን ካወረድሁ በኋላ ቆም አልሁና ባለቤቴን በጨለማው ውስጥ «ነቅተሃል?» አልሁት። «ነቅቻለሁ፤ እኔም እያዳመጥሁ ነው» አለኝ። ለካ ልጃችን ከዘመተ ጀምሮ በየሰንበቱ ሌሊት ነቅቶ ያድር ኖሯል፤ እኔ ስነሣ የተኛ የሚመስለው እንዳልጨነቅ ብሎ ነው። አሳንሰሩ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። ከዚያ እስኪነጋ ድረስ ስለ ልጃችን አወራን፤ የምንፈራውን ሳንሸሽግ፣ አንዳችን የሌላችንን እጅ ይዘን።

በኩፓት ሆሊም ተመዝግቤአለሁ፤ ቀጠሮዬ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። አማርኛ የምታውቅ ባለሙያ እንዳለች ነግረውኛል። የቤተሰብ ሐኪሜም የደም ምርመራ አዝዞልኝ ደኅና ነው ተብያለሁ። ጭንቀቱ አልሄደም። ባለፈው ዓርብ ግን ታችኛው ፎቅ ያሉትን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት የሞሮኮ አይሁዳዊት እናት ለእራት ጠራኋቸው፤ እርሳቸውም ሁለት የልጅ ልጆች በሠራዊቱ ውስጥ አሏቸው። ቅዳሜ ማታም ለሃብዳላው፣ ለሰንበት መሸኛው ጸሎት፣ ሽቱ እንዲሆን ከበረንዳዬ ጤና አዳም ቆርጬ አሸተትን።

አባባ የአምቦበር ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለመጪው ሰንበት በረከቴ ልጋግርና ለጎረቤቶቼ ላዳርስ አስቤአለሁ። እናትዎ በምን ቅጠል ነበር የሚጋግሩት?

የአምቦበር ልጅ

በኮባ ነበር፤ እዚያ ዘንድ የሙዝ ቅጠል ካገኘሽ እርሱም ይሆንልሻል። ቅጠሉን በእሳት ላይ ለብ አድርጊው፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ድስቱ ሰፊ ይሁን። ስታደርሺ ደግሞ ከበር አትመለሺ፤ ግቢና ትንሽ ተቀመጪ።